መጽሐፉና በሽተኛው ሳይስማሙ ሲቀሩ

ዓባይ እንደ ልማዱ ሳይሞላ በመቅረቱ ከ1200 እስከ 1202 ድረስ በግብፅ ላይ ከባድ ረሃብ ወረደ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከካይሮ አጠገብ አል-መቅስ በሚባለው ስፍራ የሰው አጽም ተከምሮ ኮረብታ አክሎ ነበር። ባግዳድ ተወልዶ ካይሮ ያስተምር የነበረው ሐኪም ዐብዱል ለጢፍ፣ ጋሌንን አብረውት የሚያነቡ ሰዎች የአጥንቶችን አቀማመጥ ከጽሑፍ ብቻ ለመረዳት ሲቸገሩ አይቶ ነበርና፣ ስለ ክምሩ ሲነገረው ይዟቸው ሄደ። እዚያም የታችኛውን መንጋጋ ተመለከተ። ለአንድ ሺህ ዓመት የሐኪሞች ሁሉ አለቃ ሆኖ የኖረው ግሪካዊው ጋሌን፣ ይህ መንጋጋ አገጭ ላይ ከሚገጣጠሙ ሁለት አጥንቶች የተሠራ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ዐብዱል ለጢፍ ያየው መገጣጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ አጥንት ነው። በአንድ ራስ ቅል አልረካም፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ራስ ቅሎችን አገላብጦ አየ፤ ሌሎችም እሱ በሌለበት እንዲመለከቱ አደረገ። ያው አንድ አጥንት ነው። በኋላ ስለ ግብፅ በጻፈው መጽሐፍ፣ ጋሌን እጅግ ጠንቃቃ ሰው እንደነበረ ካመሰገነ በኋላ፣ ዓይን የመሰከረው ከጋሌን ቃል ይልቅ ሊታመን እንደሚገባ አስፍሯል።

ይህን መጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚገባን የጋሌንን ሥልጣን ስናስታውስ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በሮም ቄሣሮች ዘንድ ያገለገለው ይህ ሐኪም፣ ከሂፖክራተስ የወረሰውን ትምህርት አስፋፍቶ ሕክምናን የተሟላ ሥርዓት አድርጎት ነበር። ጤና ማለት የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች፣ የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት ሚዛን መጠበቅ ነው፤ በሽታም የሚዛኑ መዛባት ነው። የሰው አስከሬን መቅደድ ስላልተፈቀደለት ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳትን እየመረመረ ስለ ሰው አካል ጻፈ። የጻፈው ብዙ፣ ጥልቅና እርስ በርሱ የተያያዘ ስለነበር አንዱን ክር መምዘዝ ሙሉውን ልብስ የሚተረትር ይመስል ነበር። ስለዚህ ከእሱ በኋላ በእስክንድርያና በቁስጥንጥንያ የተነሡት አብዛኞቹ ሊቃውንት ሥራቸው እሱን ማሳጠር፣ ማብራራትና ማስተማር ሆነ።

ስለ መካከለኛው ዘመን የእስልምና ዓለም ሕክምና ሲነገር ሁለት ዓይነት ትረካ እንሰማለን። አንዱ፣ እነዚህ ሐኪሞች የግሪኮችን ዕውቀት አውሮፓ እስክትነቃ ድረስ በአደራ ያቆዩ ጠባቂዎች ናቸው ይላል። ሌላው ለዚህ አጸፋ ሆኖ የመጣ ነው፤ ይህን መጀመሪያ የፈለሰፈ እገሌ ነው፣ ያንን መጀመሪያ ያገኘ እገሌ ነው እያለ ረጅም መዝገብ ያወጣል። የመጀመሪያው ሰዎቹን ያሳንሳቸዋል። ሁለተኛው ሊያከብራቸው ተነሥቶ ዋና ሥራቸውን ይጋርደዋል፤ ምክንያቱም አንድን ግኝት ብቻውን ነጥሎ ማሞገስ፣ ግኝቱን ያስቻለውን የአሠራር ልማድ እንዳናይ ያደርገናል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ ነው፦ ከባግዳድ እስከ ኮርዶባ የነበሩ ሐኪሞች ለሕክምና ያበረከቱት ትልቁ ነገር፣ መጽሐፉና በሽተኛው ሳይስማሙ ሲቀሩ ማን ይዳኝ የሚለውን ጥያቄ የሙያው የዘወትር ጥያቄ ማድረጋቸውና ጥያቄው የሚኖርበትን ቤት መሥራታቸው ነው። ቤቱ ሆስፒታል ነው።

ልማዱ ገና ከትርጉም ሥራው ይጀምራል። ባግዳድ በ762 ተቆረቆረች፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ኸሊፋ አል-መንሱር ሲታመም ከጉንዲሻፑር ጁርጂስ ኢብን ቡኽቲሹ የሚባል ክርስቲያን ሐኪም አስጠራ፤ የዚያ ሰው ልጆችና የልጅ ልጆች ለብዙ ትውልድ የኸሊፎች ሐኪሞች ሆኑ። ወረቀት በከተማዋ መሠራት ሲጀምር፣ ገንዘብ ያላቸው መኳንንትና ሐኪሞችም ለትርጉም መክፈል ሲጀምሩ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የግሪኮች ሕክምና ከሞላ ጎደል ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። ከተርጓሚዎቹ የላቀው ሁነይን ኢብን ኢስሃቅ (809–873) ነው። ሁነይን ስለ ጋሌን ሥራዎች በጻፈው ደብዳቤ 129 መጻሕፍትን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ማን እንደተረጎማቸው፣ ለማን እንደተተረጎሙና ቅጂው ደኅና ይሁን ጎደሎ ይናገራል። አንዱን መጽሐፍ በሃያ ዓመቱ ገደማ ከተበላሸ ቅጂ ተርጉሞት ነበር፤ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ በእጁ በርካታ የግሪክ ቅጂዎች ከተሰበሰቡ በኋላ፣ እርስ በርስ አስተያይቶ የታረመ ንባብ አወጣና እንደገና ተረጎመው። የጋሌንን የአመክንዮ መጽሐፍ ፍለጋ መስጴጦምያን፣ ሶርያን፣ ፍልስጥኤምንና ግብፅን እስከ እስክንድርያ ዞረ፤ ያገኘው ደማስቆ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍን ያከብራል፤ ግን ቅጂ እንደሚሳሳት በእጁ ዳስሶ ያውቃል። ቅጂ ከተሳሳተ ደራሲውስ የማይሳሳትበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣው ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ነው።

ጥያቄውን በግልጽ ያነሣው ሰው አቡበክር አል-ራዚ ነው። ዛሬ ቴህራን በዋጠቻት በሬይ ከተማ በ865 አካባቢ ተወለደ፤ በሬይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን በኃላፊነት መራ። በጋሌን ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች ብቻ የያዘ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። በመግቢያው ላይ ከአስተማሪው ጋር የሚከራከር ደቀ መዝሙር ኀፍረት ይታይበታል፤ ከጋሌን ያገኘው ጥቅም ከሁሉም እንደሚበልጥ ይናገራል። ነገር ግን ሕክምናም ፍልስፍናም ያለ ምርመራ ለአለቃ መገዛትን አይቀበሉም፤ ጋሌን ራሱ የቀደሙትን ሲተች ኖሯልና እሱን መተቸት ትምህርቱን መከተል ነው ይላል። መከራከሪያው በሐሳብ ብቻ አልቆመም፤ ጋሌን ስለ ትኩሳት አካሄድ የጻፈው በሆስፒታሎቹ ካያቸው ሕሙማን ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም ይገልጻል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ሐኪም በግል ቤቱ ጥቂት ባለጸጎችን እያከመ ቢኖር፣ ከመጽሐፍ የወጣ በሽተኛ ሲገጥመው ነገሩን አጋጣሚ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ለዓመታት የትኩሳት ሕሙማን ተራ በተራ የሚተኙበትን ክፍል የሚጎበኝ ሰው ግን ልዩነቱ ሲደጋገም ያያል።

የዚህ ዓይነቱ ተደጋጋሚ እይታ ፍሬ የሆነው ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ የጻፈው አጭር መጽሐፉ ነው። ፈንጣጣ ለዐረቦች የጥንት ትዝታ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎቻቸው በዐረቢያ ምድር መጀመሪያ የታየው፣ ከአክሱም ሠራዊት ጋር የመን ገብቶ በኋላ ገዥ የሆነው አብርሃ መካን ሊወጋ በዘመተበት የዝሆን ዓመት እንደሆነ ይተርካሉ። አል-ራዚ ጋሌን በሽታውን ቢጠቅሰውም ስለ መንስኤውና ስለ ሕክምናው የሚያጠግብ ነገር አለመተዉን ይገልጽና የራሱን ይጽፋል። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ያለውን ትኩሳት፣ የጀርባ ሕመሙን፣ የአፍንጫ ማሳከኩን፣ በእንቅልፍ መባነኑን ይዘረዝራል፤ የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ እንደሚበረታ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ደግሞ በኩፍኝ እንደሚያይል ይለያል። ስለ ዓይን ጥበቃ የሚመክረው ፈንጣጣ ብዙ ሰው እንደሚያሳውር በማየቱ ነው። የመንስኤው ማብራሪያ፣ ማለትም የልጅነት ደም የሚፈላበት ነው የሚለው፣ ስሕተት ነው። ገለጻው ግን ከዓይን የመጣ ስለሆነ አላረጀም፤ መጽሐፉ በ1848 እንኳን ለሐኪሞች ንባብ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የታመመ ድሃና መንገደኛ የሚያርፍበት የክርስቲያኖች የምጽዋት ቤት በባይዛንታይን ግዛት ቀድሞም ነበር፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። በባግዳድ፣ በደማስቆና በካይሮ የተለየው ሕክምናው፣ ትምህርቱና ቋሚ ገቢው በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው ነው። በባግዳድ የዐዱዲ ሆስፒታል በ982 ገደማ ተከፈተ፤ በደማስቆ ገዥው ኑረዲን የመሠረተው በ1154 ሥራ ጀመረ፤ በካይሮ ሱልጣን ቀላውን በ1284 ያቆመው ከሁሉ ገነነ። ቀላውን ሱልጣን ከመሆኑ በፊት ደማስቆ ላይ በሆድ ቁርጠት ሲታመም ከኑረዲን ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ድኖ ነበርና፣ ሥልጣን ከያዝኩ እንዲህ ያለ ቤት እሠራለሁ ብሎ እንደተሳለ ይተረካል። የእነዚህ ቤቶች ወጪ የሚሸፈነው በወቅፍ ነው፤ ማለትም የሱቅ፣ የመታጠቢያ ቤትና የእርሻ ኪራይ ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ እንዲውል በሕግ ይታሰራል። የቀላውን የወቅፍ ሰነድ ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድሃ ሳይለይ በሽተኛ ሁሉ እንዲገባ ያዝዛል። ለትኩሳት፣ ለዓይን፣ ለቀዶ ጥገና፣ ለሆድ ሕመም፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ፤ የመድኃኒት ቤትና የምግብ ማብሰያም እንዲሁ። ለእኛ ክርክር ወሳኙ ነገር ይህ ክፍፍል ነው፤ አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጎን ለጎን ሲተኙ፣ አንዱን ከሌላው ማነጻጸር የዕለት ሥራ ይሆናል።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ የነገረን ኢብን አቢ ኡሰይቢዐ ነው። እሱ ራሱ በኑረዲን ሆስፒታል የሠራ ሐኪም ሲሆን፣ የበርካታ መቶ ሐኪሞችን ሕይወት የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ትቶልናል። በዚያ ሆስፒታል የነበረ አንድ ዋና ሐኪም ጠዋት በሽተኞቹን እየዞረ ይጎበኛል፤ አስታማሚዎቹ ያዘዘውን እየተከታተሉ ይፈጽማሉ፤ ከዚያ ኑረዲን የሕክምና መጻሕፍት ባኖረበት አዳራሽ ይቀመጣል፤ ሐኪሞችና ተማሪዎች ይሰበሰቡና ለሦስት ሰዓት ያህል ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። ይህን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፤ በሽተኛው ይቀድማል፣ መጽሐፉ ይከተላል። ተማሪው ገጹን የሚገልጠው ጠዋት ያየው ፊት ገና ከዓይኑ ሳይጠፋ ነው። የዛሬው የሕክምና ተማሪ ዘወትር የሚያደርገውን የክፍል ዙረትና የጉዳይ ውይይት ለሚያውቅ ሰው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ ላይ ይህን ማግኘት ሊያስደንቀው ይገባል።

ቁጥጥርም ነበር። በ931 ባግዳድ ውስጥ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ስለሞተ፣ ኸሊፋ አል-ሙቅተዲር ሐኪሙ ሲናን ኢብን ሳቢት ሌሎች ሐኪሞችን እንዲፈትን አዘዘ፤ በስማቸው ከታወቁት ሌላ 860 ያህል ሰዎች መፈተናቸው ተመዝግቧል። ይህ በየዘመኑ ሳይቋረጥ የዘለቀ የፈቃድ ሥርዓት ነበር ብሎ ማጋነን አይገባም። ሆኖም ብልሹ ሐኪም የሕዝብ ጉዳይ መሆኑ እውቅና አግኝቷል። በአንዳሉስ ደግሞ አል-ዘህራዊ (936 ገደማ–1013) በሠላሳ ክፍል በከፈለው የሕክምና መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ቀዶ ጥገና ሲጽፍ፣ ሙያው የወደቀው ሐኪሞች የአካልን አሠራር ስለማያውቁ ነው ብሎ ያዝናል፤ የደም ሥሮችን አቀማመጥ የማያውቅ ሐኪም የአንዲት ሴት አንገት ላይ ያለ እብጠት ሲቀድ ደሟ ፈስሶ እንደሞተች ያየውን ይመሰክራል። ሁለት መቶ ያህል የመሣሪያ ሥዕሎች የጨመረውም ለዚህ ነው፤ መቀሱን፣ መሰርሰሪያውን፣ መንቀያውን፣ መተኮሻውን አንጥረኛው አይቶ እንዲሠራውና ተማሪው አይቶ እንዲይዘው። ጉሮሮዋን በቢላ የቆረጠች አንዲት ባሪያ ቁስሉን ሰፍቶላት ስትድን፣ የአየር ቧንቧን መክፈት የግድ አይገድልም የሚል ትምህርት ከእሷ ወሰደ። እዚህም ፍርዱን የሰጠው በሽተኛው ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የሚነሣው በኢብን ሲና በኩል ነው። በ980 ቡኻራ አጠገብ ተወልዶ በ1037 ሐመዳን የሞተው ይህ ሊቅ በ1025 ገደማ የፈጸመው ቃኑን፣ ሕክምናን ሁሉ በአምስት መጻሕፍት ሥርዓት አስይዞ የያዘ ነው። ሰዎች ከጋሌን አለቅነት ተላቀው ወደ ኢብን ሲና አለቅነት ገቡ እንጂ የት አለ ጥርጣሬው? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ቃኑን ለስድስት መቶ ዓመታት የብዙዎችን ሐሳብ አስሮ ይዟል። ሆኖም የዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ሲከፈት የመድኃኒትን ኀይል በልምድ ለማወቅ ሰባት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው ይላል። መድኃኒቱ ከባዕድ ባሕርይ የጠራ ይሁን፤ በአንድ ያልተወሳሰበ በሽታ ላይ ይሞከር፤ በተቃራኒ ጠባይ ባላቸው ሁለት በሽታዎች ላይም ይሞከር፤ ኀይሉ ከበሽታው ኀይል ጋር ይመጣጠን፤ ውጤቱ የታየበት ጊዜ ይጠበቅ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ወይም በአብዛኛው የሚደገም ይሁን፤ በመጨረሻም በሰው ላይ ይሞከር፣ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የሠራው በሰው ላይ ላይሠራ ይችላልና። ዛሬ መድኃኒት የሚሞክሩ ሰዎች የሚጨነቁባቸው ብዙዎቹ ጉዳዮች፣ ድግግሞሹ፣ መጠኑ፣ ጊዜው፣ የእንስሳና የሰው ልዩነት፣ በጥሬው እዚህ አሉ። ኢብን ሲና ሥርዓት ሠሪ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ለበሽተኛው ምስክርነት ወንበር አስቀምጧል።

ሌላው ጥያቄ፣ ይህን ሕክምና የእስልምና ማለት ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ሁነይን ክርስቲያን፣ ሳቢት ኢብን ቁራ የሐራን ሳቢኢ፣ ሙሴ ኢብን መይሙን አይሁዳዊ ነበሩ፤ አል-ራዚና ኢብን ሲና ደግሞ ዐረቦች ሳይሆኑ ፋርሳውያን ናቸው። በኮርዶባ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ የላከውን የዲዮስቆሪደስ የዕፀዋት መጽሐፍ በ951 የመጣው መነኩሴ ኒቆላዎስ፣ አይሁዳዊው ሐስዳይ ኢብን ሸፕሩትና ሙስሊም ሐኪሞች አብረው መረመሩት፤ የዕፀዋቱን ማንነት በገሃድ ለማረጋገጥም ደከሙ። ይህ ሁሉ ስያሜውን የሚያፈርስ አይመስለኝም፤ ይልቅ ምን እንደሚል ያብራራዋል። ሕክምናው የአንድ ሃይማኖት ንብረት አልነበረም። ግን ዐረብኛን የጋራ የሙያ ቋንቋ ያደረገው፣ ከሳማርካንድ እስከ ቶሌዶ ጉዞን ያስቻለው፣ በወቅፍ ሕጉ ሆስፒታልን ያቆመው ማኅበረሰብ እስላማዊ ነበር። የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ በሽተኛ ዙሪያ ሲቆሙ፣ አንዱ ሌላውን ሊያሳምን የሚችለው ሁለቱም በሚያዩት ነገር ነው፤ ይህም ለጥርጣሬው ልማድ ሳይረዳ አልቀረም እላለሁ።

ሃይማኖት ምርመራን አፈነ የሚሉም አሉ፤ የሃይማኖት ሊቁ አል-ገዛሊ ፍልስፍናን ከተቸ በኋላ የእስልምና ዓለም ሳይንስ ሞተ የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል። ዘመኑን መቁጠር ብቻ ይመልሰዋል። አል-ገዛሊ የሞተው በ1111 ነው። ዐብዱል ለጢፍ መንጋጋውን የመረመረው ከዚያ ዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚደፍረው ምስክርነት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ በ1348 ቸነፈር አንዳሉስ ሲገባ፣ የግራናዳው ሐኪምና ባለሥልጣን ኢብን አል-ኸጢብ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ጻፈ። መተላለፍን የሚክድ የሃይማኖት ወግ እንዳለ አሳምሮ ያውቃል። በሽተኛን የነካ ሲታመም፣ ያልነካ ሲድን፣ ልብስ፣ ዕቃና ጉትቻ ሳይቀር ሕመሙን ሲያደርስ፣ ወደብ ላይ መርከብ ከቆመ በኋላ ከተማው ሲያዝ፣ ራሳቸውን ያገለሉ ሰዎች ሲተርፉ ታይቷል፤ ስለዚህ ከወግ የተወሰደ ማስረጃ ከግልጽ እይታ ጋር ሲጋጭ ወጉ እንደገና መተርጎም አለበት ሲል ደመደመ። ኢብን አል-ኸጢብ በ1374 ፌዝ ውስጥ በእስር ቤት ተገደለ፤ ነገሩ የፖለቲካ ጠላትነትና የመናፍቅነት ክስ የተደባለቀበት ስለሆነ ሞቱን በቸነፈር መጽሐፉ ማመካኘት አይቻልም። ግን የሚደፍር ሐኪም ብቻውን የቆመ እንዳልነበረ እናያለን፤ የአልሜሪያው ኢብን ኻቲማም በዚያው ወረርሽኝ ላይ የሕሙማኑን ሁኔታ በዝርዝር ጽፏል።

እስካሁን ያልኩትን የሚያናጋው እውነተኛ ችግር ሌላ ነው። ጥርጣሬው ይህን ያህል ብርቱ ከነበረ የአራቱ ፈሳሾች ትምህርት ለምን ሳይነካ ቀረ? ደም ማፍሰስ ለምን ቀጠለ? አል-ራዚ ራሱ የሚያስጨንቅ ምሳሌ ይሰጠናል። ዛሬ ማጅራት ገትር ከምንለው ጋር በሚቀራረብ ሕመም ላይ፣ ምልክቱን ያሳዩ አንዳንድ ሕሙማንን ደማቸውን አውጥቶ ሌሎችን ሆን ብሎ ሳያወጣ እንደተዋቸው፣ ደም ማውጣቱም የመጀመሪያዎቹን እንዳዳናቸው ጽፏል። ሁለት ቡድን ማነጻጸር! በዚያ ዘመን እንዲህ ማሰብ ትልቅ ነገር ነው። መልሱ ግን ስሕተት ነበር። ስንት ሰው በየቡድኑ እንደነበረ አልተነገረም፤ እንዴት እንደተመረጡ አልተነገረም፤ ሌላ ሐኪም በሌላ ከተማ ደግሞ እንዲያየው የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የእነዚህን ሐኪሞች ሥራ ዘመናዊ ሳይንስ ነው ማለት አይቻልም፤ አድናቂዎቻቸው እዚህ ላይ ቢቆጠቡ መልካም ነው። ልማዱ በየሰዉ እጅ ጠንካራ ነበር፤ ጥርጣሬዎቹ የሚጠራቀሙበት መንገድ ግን ደካማ ነበር። የአል-ራዚ ትልቁ የማስታወሻ ክምችት ተሰብስቦ መጽሐፍ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው፤ ከግዝፈቱ የተነሣ የሚያስገለብጠው ሰው ጥቂት ነበር። ጽሑፍ በእጅ በሚገለበጥበት ዓለም የሚበዛው የተጠቃለለና ለማስተማር የሚመች መጽሐፍ ነው። የቃኑን ድል ከዚህ አይርቅም።

አውሮፓም መጀመሪያ የተቀበለችው እነዚሁን ጥቅል መጻሕፍት ነው። ከሰሜን አፍሪካ የመጣው ቆንስጣንጢኖስ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የአል-መጁሲን መጽሐፍ ወደ ላቲን አመጣ። በ1187 የሞተው የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ ቃኑንን፣ የአል-ዘህራዊን የቀዶ ጥገና ክፍልና አል-ራዚ ለሬይ ገዥ ለአል-መንሱር የጻፈውን መጽሐፍ ተረጎመ። የአል-ራዚ ግዙፍ ክምችት በ1279 በሲሲሊ ለአንጁው ንጉሥ ሻርል በአይሁዳዊው ፈረጅ ኢብን ሳሊም ተተርጉሞ አለቀ። ማተሚያ ሲመጣ ቃኑን በላቲን በ1473፣ በዐረብኛም በ1593 ሮም ላይ ታተመ፤ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን አስተማሩበት። በ1527 ሐኪሙ ፓራሴልሰስ ባዝል ላይ ቃኑንን እሳት ውስጥ ወርውሮታል ይባላል፤ የተቃጠለው መጽሐፍ ምን ያህል የበላይ ሆኖ እንደነበረ ያሳያል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ1543 የሰውን አካል ትምህርት እንደገና የሚያቆመው፣ ዐብዱል ለጢፍ እንዳየው ሁሉ መንጋጋው አንድ አጥንት መሆኑን በጋሌን ላይ የሚመሰክረው አንድሪያስ ቬሳሊየስ፣ በ1537 ያሳተመው ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የአል-ራዚን ለአል-መንሱር የተጻፈ መጽሐፍ ዘጠነኛ ክፍል በጠራ ላቲን ያዘጋጀበት ነው። ከመጽሐፉ ጋር የተያያዘው ሰንሰለት ያልተቋረጠ ነው። የዐብዱል ለጢፍን ራስ ቅሎች ግን ቬሳሊየስ ሰምቷቸው ነበር የሚያሰኝ ነገር የለም፤ አንዱን እውነት ሁለት ሰዎች በሦስት መቶ አርባ ዓመት ልዩነት ለየብቻቸው አገኙት።

አንድ ግኝት ተጽፎ ሳለ ሳይታወቅ የመቅረቱ ጉዳይ በኢብን አል-ነፊስ ላይ ይበልጥ ይታያል። ደማስቆ ተምሮ ካይሮ የኖረው፣ በ1288 የሞተው ይህ ሐኪም የሻፊዒ ሕግ ሊቅም ነበር። በ1242 ገደማ በቃኑን የአካል ክፍል ላይ ማብራሪያ ጻፈ። ጋሌን ደም ከቀኝ የልብ ጓዳ ወደ ግራ የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር፤ ኢብን ሲናም ተቀብሎታል። ኢብን አል-ነፊስ ግድግዳው ወፍራምና ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም አለ፤ ስለዚህ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ፣ ወደ ግራ ጓዳ መመለስ አለበት። ሬሳ ከመቅደድ ሃይማኖቱና ርኅራኄው እንደከለከሉት በመግቢያው ይናገራል፤ እዚህ ላይ የደረሰው አስከሬን ከፍቶ አይቶ ይሁን ወይስ የቀደሙትን ጽሑፎች በአመክንዮ መርምሮ፣ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። የሚገርመው ቦታው ነው። ሕክምናን ለአንድ ሺህ ዓመት ያሳሳተ ሐሳብ የፈረሰው፣ ለዚያው ሐሳብ መጽሐፍ በተጻፈ ማብራሪያ መካከል፣ ርዕስም ዐዋጅም ሳይኖረው ነው። ማብራሪያውን የሚከፍት አንባቢ የሚፈልገው ኢብን ሲናን ለመረዳት ነበርና፣ ሳንባን ያለፈው ደም በጥቂቶች ዓይን ብቻ ገባ።

ሚጌል ሰርቬቶ በ1553፣ ሬያልዶ ኮሎምቦ በ1559 ይህንኑ የደም ጉዞ በአውሮፓ ሲጽፉ፣ ከእነሱ ቀደም ብሎ አንድሪያ አልፓጎ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ሠላሳ ዓመት ያህል ደማስቆ ኖሮ ተመልሶ ነበር፤ የኢብን አል-ነፊስን ስለ መድኃኒት የጻፈውን አንድ ክፍል በላቲን ተርጉሞት በ1547 ታትሟል። ስለ ልብና ሳንባ የተጻፈውንም በቃል ወይም በጽሑፍ አድርሶ ይሆን? ብዙዎች እንዲህ ይገምታሉ፤ የሚያረጋግጥ ሰነድ አልተገኘም፤ ከመንጋጋው ታሪክ እንዳየነው ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አንድ ነገር ላይ ሊደርሱ ይችላሉና ግምቱን እንደ ማስረጃ መያዝ አይገባም። የተረጋገጠው ይህ ነው፦ በ1924 ሙህየዲን አል-ተታዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ሲሠራ፣ በርሊን ካለው ቤተ መጻሕፍት የማብራሪያውን ቅጂ አገኘ፤ ካይሮ ይኖር የነበረው የዓይን ሐኪምና የሕክምና ታሪክ ተመራማሪ ማክስ ማየርሆፍ ጽሑፉን አሳትሞ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ደም በሳንባ በኩል የሚያልፈውን ጉዞ ታሪክ የሚጀምሩት ከካይሮ ነው።